እግረኛውን አባርሮ የእግረኛ መንገድ!

«የቤት ቀጋ፣ የውጭ አልጋ» ይላል ያገሬ ሰው። ለተመልካች የተነጠፈ፣ ለቤተሰቡ ግን እሾህ የሆነ ነገር ሲገጥመው ነው እንዲህ የሚለው። እኔም ሰሞኑን ከአራት ኪሎ ተነሥቼ በመስቀል አደባባይ በኩል እስከ ቦሌ፣ የኮሪደር ልማት ያመጣውን የእግረኛ መንገድ በእግሬ ስለካው ከአፌ አልወጣ ያለኝ ይኸው ተረት ነው።

እውነቱ ይነገር ከተባለ መንገዱ ያምራል። መዋሸት ምን ያደርግልናል? ሰፊ ነው፤ ንጹሕ ነው፤ ለብስክሌት የራሱ መሥመር ተለይቶለታል፤ መብራቱ ሌቱን ቀን አስመስሎታል። ነፋስ የሚቀበል አለ፣ ከመብራቱ ሥር ቆሞ ፎቶ የሚነሣ አለ።

«ታዲያ ምንህን ቆረጠህ?» ትሉኝ ይሆናል። የቆረጠኝማ ይኼ ነው፦ በዚያ መንገድ ላይ የሚንሸራሸር ሰው ሞልቷል፤ በእግሩ የሚኖረው ሰው ግን የለም። በእግሩ የሚኖር ስል ዳቦ ሊገዛ፣ ልጅ ሊያደርስ፣ እህል ሊያስፈጭ፣ ለቅሶ ሊደርስ፣ ሥራ ሊገባ ሲመላለስ የሚውለውን ነው። ያ ሰው ቀድሞ እዚያው ከአስፋልቱ ጀርባ ነበር የሚኖረው። አሁን የት እንዳለ ላልሰማችሁ ላሰማችሁ፦ እኛ ጋ ነው! ከከተማው ዳር፣ ጭቃ ላይ፣ ከገልባጭ መኪና ጋር እየተጋፋ ይሄዳል። እንግዲህ ፍረዱ፤ መንገዱን ሰው ከተነሣበት ቦታ ሠሩት፣ ሰውን መንገድ ወደሌለበት ቦታ ወሰዱት!

«እጣ ወጣልህ!»

እኔ በ1997 ዓ.ም. ለኮንዶሚኒየም ከተመዘገበው ሕዝብ አንዱ ነኝ። ዓመታት ቆጥሮ እጣው ሲወጣልኝ ባለቤቴ እልል አለች፣ ጎረቤት ቡና አፈላ። ከኪራይ ቤት ወጥቶ የራስን ቁልፍ እንደ መያዝ ያለ ምን ደስታ አለ? «በሬ ሆይ፣ በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ» የተባለው ግን ለእኔ ቢጤ ኖሯል። ብሎኩን አየሁ፣ ክፍሉን ቆጠርኩ፣ ቧንቧውን ከፍቼ ሞከርኩ (ያን ቀን ውሃ ነበረች!)። ከደጄ እስከ ታክሲው ስንት እርምጃ እንደሆነ ግን አልቆጠርኩም።

የሳይታችንን ስም አልጠራም። የካ አባዶ በሉት፣ ቱሉ ዲምቱ በሉት፣ ቦሌ አራብሳ ወይም ኮዬ ፈጬ በሉት፤ የሚኖርበት ሰው ወሬውን ሲያነብ የራሱን ያውቀዋል።

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ከቤት እወጣለሁ። ከብሎካችን እስከ ታክሲው በእግር 25 ደቂቃ ነው። መንገዱ አስፋልት አለው፣ የእግረኛ ግን የለውም። ዳር ዳሩን የጎርፍ መውረጃ ቦይ አለ፤ ክዳኑ ግማሹ ተሰብሯል፣ ግማሹ ተሰርቋል። ክረምት ላይ ጭቃው ጫማ ያስወልቃል። ስለዚህ ትልቁም ትንሹም አስፋልቱ ላይ ይሄዳል፤ ከኋላው ደግሞ ሕዝቡ «ቀይ ሽብር» የሚል ስም ያወጣለት የአሸዋ ጫኝ እያጓራ ይመጣበታል። መብራት በሌለበት ሴቶቹ ለሥራ የሚወጡት ሦስት አራት ሆነው ተጠባብቀው ነው፤ ማጅራት መቺው አለ፣ ውሻው አለ፣ አንዳንዴም ጅቡ አለ። ኧረ ይኼ የገጠር ወሬ አይደለም፤ የአዲስ አበባ ነው!

ከዚያ ሰልፍ ነው። ከሰልፉ በኋላ ሁለት ታክሲ መቀያየር ነው። ማታ ከምሽቱ 2 ሰዓት ስገባ ልጆቼ ተኝተዋል። ልጆቼን በደንብ የማያቸው እሑድ እሑድ ነው ብል ማጋነን አይደለም።

ደቂቃ ነበር ሀብታችን

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር በሰፈር ነው የተቆረቆረችው። መኳንንቱ በየተሰጣቸው ቦታ ሲሠፍሩ ወታደሩም፣ ባለሙያውም፣ ነጋዴውም ዙሪያቸውን ሠፈረ። ራስ ብሩ ሰፈር፣ ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ሠራተኛ ሰፈር የሚለው ስም የቀረው ከዚያ ነው። ባለጠጋውና ድኻው በአንድ አጥር ግራና ቀኝ ይኖሩ ነበር፤ የእሳት ፍምና የእርሾ መበዳደርም ነበር።

ቤቱ ጥሩ ነበር አልልም። ለምን ብዬ? ተወልጄ ያደግሁት የቀበሌ ቤት ነው። አንድ ሽንት ቤት ለአሥር ቤተሰብ፣ የሚያፈስ ቆርቆሮ፣ ጭቃው የረገፈ ግድግዳ፤ ሁሉንም ኖሬበታለሁ። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ከተወረሰ ወዲህ ኪራዩ ረከሰ እንጂ ቤቱ አዳሽ አላገኘም። «እንደገና ይሠራ» ቢባል ቀድሜ እጄን የማወጣ እኔ ነኝ።

ግን በዚያ ዘመም ባለ ቤት ዙሪያ ማንም ቆጥሮ የማያውቀው አንድ ሀብት ነበረን። ደቂቃ! ዳቦ ቤቱ ሁለት ደቂቃ፣ ወፍጮ ቤቱ አራት፣ ትምህርት ቤቱ ሰባት ደቂቃ፣ ጉሊቱ በራችን ላይ። ቤተ ክርስቲያኑም መስጊዱም ቅዳሴውና አዛኑ ከአልጋ ላይ እስኪሰማ ቅርብ ናቸው። ልጅ ቢያመሽ «እዚያ ጋ ኳስ ሲጫወት አየሁት» የሚል አይጠፋም። ሥራ በእግር ይገባል፤ ቢበዛ አንድ ታክሲ ነው።

ለድኻ ሰው እግሩ መኪናው ነው፤ ቅርበት ደግሞ ደመወዙ ነው። ደመወዝ ያልኩት ለማሳመር አይምሰላችሁ። በእግሩ ሥራ የሚገባ ሰው ለታክሲ ያላወጣው ብር ማታ ለልጁ እራት ይሆናል። ያንን ደቂቃ የወሰደበት ሰው ከኪሱ ገንዘብ ነው የወሰደበት። ካሳ ሲሰላ ግን ቆርቆሮው ይቆጠራል፣ በሩ ይቆጠራል፣ መስኮቱ ይቆጠራል። ደቂቃውን የሚቆጥር ኮሚቴ ግን እስከ ዛሬ አልተቋቋመም!

«ተነሺ»

በ2016 ዓ.ም. የፒያሳው ዶሮ ማነቂያ ፈረሰ። በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ተከተለ። ከካዛንቺስ የተነሡ ብዙዎች ገላን ጉራ ገቡ፤ ከፒያሳና ከሌላውም ሰፈር የተነሣው እንደ እኛ ባሉ ሳይቶች ተበተነ። በመንግሥት አማርኛ ስማቸው «የልማት ተነሺ» ነው። ወይ አማርኛ! ሰዉን ለሽማግሌ ወንበር ሊለቅ በገዛ ፈቃዱ ብድግ ያለ አስመሰሉት እኮ!

ከእነዚህ «ተነሺዎች» አንዲት እናት በእኛ ብሎክ አራተኛ ፎቅ ደረሳቸው። ከ70 ዓመት በላይ ናቸው። ሊፍት የሚባል ነገር የለም። በቀድሞ ሰፈራቸው እንጀራ እየጋገሩ በቅርብ ላሉ ምግብ ቤቶች ያስረክቡ ነበር። በመጡ በሦስተኛው ቀን ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው አገኘኋቸው።

«እማማ፣ ምነው ደከመዎት?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ እዚህ አገር ዳቦ የሚገዛው የት ነው?»

«ከዋናው መንገድ ማዶ ነው እማማ። በእግር ሩብ ሰዓት ቢሆን ነው።»

«እኔ ሩብ ሰዓቱን ደረጃው ላይ ጨረስኩት እኮ!» ብለው ሣቁ። እኔ ግን መሣቅ አቃተኝ።

ቤቱን አልጠሉትም። «ሽንት ቤቱ ለብቻዬ ነው፣ ተመስገን» ይላሉ። የጠፋባቸው ደንበኛው ነው። እንጀራውን ለማን ይሽጡት? ፒያሳ ጭነው እንዳይወስዱ ትርፉን ታክሲው ይበላዋል፤ ይረከቧቸው የነበሩት ምግብ ቤቶችም አብረው ፈርሰዋል። ከብሎኩ ሥር ጉሊት ቢዘረጉ ደንብ አስከባሪ መጥቶ ይበትነዋል። ዛሬ የሚኖሩት ልጃቸው ከዓረብ አገር በምትልክላቸው ብር ነው። ሠርተው የሚያድሩ ሴት በእርጅናቸው ጧሪ ጠባቂ ሆኑ። «ሕይወታቸው ተቀየረ» እየተባለ በቴሌቪዥን የሚነገረን እንግዲህ ይኼ ነው። ተቀይሯል፤ ማን ካደ?

ሂድ ወደዚያ፣ ና ወደዚህ

አምና ክረምት ሲገባ የጎረቤቴን የ9 ዓመት ሴት ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ገልባጭ መኪና ገጫት። ትምህርት ቤቱ ያለው ከዋናው መንገድ ማዶ ነው። ዜብራ የለም፣ ጉብታ የለም፣ መብራት የለም። ነፍሷ ተረፈች፤ እግሯ ግን ሁለት ቦታ ተሰበረ።

ፊርማ አሰባስበን፣ ሦስት ሆነን ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄድን። «መንገዱ የእኛ አይደለም» አሉን። ወደ ሌላው ሄድን። «መንገዱስ የእኛ ነው፣ ዜብራው ግን የእኛ አይደለም» አሉን። ሦስተኛው ጋ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። በስንት ምልልስ «ጉዳዩ በጥናት ላይ ነው» ተባልን። አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም!

የሳይቱ ወጣቶች ቢጨንቃቸው ድንጋይ ተሸክመው፣ አፈር ሞልተው በገዛ እጃቸው ጉብታ ሠሩ። በሳምንቱ «ሕገ ወጥ ግንባታ ነው» ተብሎ ፈረሰ። ለማፍረሱስ ጥናት አላስፈለገውም!

ይኼ የእኛ ሳይት ብቻ ለቅሶ አይደለም። በ2010 ዓ.ም. አካባቢ በነበሩት ዓመታት አዲስ አበባ ውስጥ በትራፊክ አደጋ በየዓመቱ ከ400 በላይ ሰው ይሞት ነበር። ከሟቾቹ ሦስት አራተኛው ገደማ እግረኛ ነው። መኪና ያልነዳ፣ መኪና የሌለው፣ መኪና ይኖረኛል ብሎ አልሞ የማያውቅ ሰው ነው በመኪና የሚያልቀው።

ነገሩ መሬቱ ነው

ለመሆኑ ድኻው ለምን ወደ ዳር ይገፋል? ፕላን አውጪው ክፉ ሰው ሆኖ ነው? አይደለም። ነገሩ መሬቱ ነው። የከተማ ቦታ በሊዝ እንዲያዝ የሚያዘው አዋጅ ከወጣበት ከ1986 ዓ.ም. ወዲህ መሐል ከተማ ያለ እያንዳንዱ ካሬ ሜትር ለአስተዳደሩ ገንዘብ ነው። ድኻው የተኛበት ቦታ ከድኻው ይበልጥ ዋጋ አወጣ ማለት ነው። ዳር ያለው መሬት ግን ርካሽ ነው፤ ገበሬውን በጥቂት ካሳ ሸኝቶ ብሎክ መደርደር ይቻላል። ስለዚህ አንዱን ተነሺ በሌላው ተነሺ ማሳ ላይ ተከሉት። ገበሬውም ድኻውም ከሰሩ።

በ2005 ዓ.ም. በተደረገው የቤት ምዝገባ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ሲመዘገብ የተቆጠረው ቤት ነው። ስንት ብሎክ፣ ስንት ስቱዲዮ፣ ስንት ባለ ሁለት መኝታ እየተባለ ሪፖርት ይቀርባል። ስንቱ ነዋሪ በእግሩ ጤና ጣቢያ ይደርሳል? ስንቱ ልጅ አስፋልት ሳያቋርጥ ይማራል? ይኼን የሚጠይቅ የሪፖርት ቅጽ አላየሁም።

ወረቀቱማ ሞልቷል። ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ ለአሥር ዓመት የወጣው የከተማዋ መዋቅራዊ ፕላን 30 በመቶ ለመንገድ፣ 30 በመቶ ለአረንጓዴ ቦታ፣ 40 በመቶ ለግንባታ ብሎ ነበር። ለእግረኛና ለብስክሌት ብቻ ተብሎም ከ2019 እስከ 2028 እ.ኤ.አ. የሚዘልቅ ስልት ተጽፏል። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ «መንገድ ለሰው» ተብሎ በእሑድ አስፋልት ለመኪና ተዘግቶ ሰው እንዲሮጥበት ተደርጓል። ጥሩ ነው! እኛ ግን እሑድ መሮጥ አይደለም የቸገረን፤ ሰኞ መሄድ ነው።

ኮሪደርስ ምን ማለት ነው? በቤት አማርኛ ኮሪደር መተላለፊያ ነው። እንግዳ ሲመጣ የሚያየው እሱን ነው። ሰው የሚኖረው ግን ክፍሉ ውስጥ ነው። ኮሪደሩን ወልውሎ፣ ምንጣፍ አንጥፎ፣ ክፍሉን ግን ሳይጠርግ የሚተው አባወራ ምን ይባላል? ሁለተኛው ዙር ወደ ሌሎች መሥመሮች ቢዘረጋም የሚከተለው ከመኪና መስኮት የሚታየውን ዋናውን አስፋልት ነው። ከአስፋልቱ ሁለት መቶ ሜትር ወደ ውስጥ ግቡና ቦዩንና ጭቃውን እዩት።

ቂሙ የቆየ ነው

ደግሞ ሁሉን በዛሬዎቹ ላይ መደፍደፍ ፍርድ ማጓደል ይሆንብኛል። ይቺ ከተማ በእግረኛ ላይ የያዘችው ቂም የቆየ ነው። በ1990ዎቹ የተሠራውን ቀለበት መንገድ አስታውሱ። መሐሉን በግንብ ከፈሉት። አጎራባች የነበሩ ሰፈሮች ማዶና ማዶ ሆነው ተለያዩ፤ መሻገሪያ ድልድዩ ተራርቆ፣ ደረጃውም ዳገት ሆኖ ሰዉ ግንቡን ይዘል ጀመር። «ሕዝቡ ሥነ ሥርዓት የለውም» ተባለ። ለቅሶ ሊደርስ ነጠላዋን አዘቅዝቃ የምትዘል እናት ሥነ ሥርዓት ጎድሏት ነው ወይስ መንገድ ጎድሏት?

በ2008 ዓ.ም. መስከረም ላይ ባቡሩ መጣ። 34 ኪሎ ሜትር ገደማ ሐዲድ፣ 475 ሚሊዮን ዶላር የሚነገርለት ወጪ። ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች፣ ከምኒልክ አደባባይ እስከ ቃሊቲ ሲሄድ ስንቱን ሠራተኛ ከሰልፍ አሳረፈ! እሱንም አመስግነናል። ግን እሱም ሐዲዱን አጥሮ ሰዉን ከመሐል ለሁለት ከፈለው፤ ፊት ለፊቱ ወዳለው ሱቅ ለመሻገር ዙሪያ ጥምጥም የሚሄድ ስንቱ ነው! ኋላም ከ41 ባቡሮች ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጥረት ቆሙና ሰልፉ ተመለሰ።

አያችሁ፣ በየዘመኑ ሹሙ ይለወጣል፣ መፈክሩ ይለወጣል። ከተማውን ከመኪና መስኮት ማየት ግን አልተለወጠም። በዚህች ከተማ ከሚደረገው ጉዞ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በእግር ነው፤ በጀቱን የሚመድበው ሰው ግን የሚሄደው በመኪና ነው።

«ፀረ ልማት» ለምትሉኝ

መልሳችሁን አውቀዋለሁ። «ከተማ ሲያድግ ሕመም አለው» ትላላችሁ። እውነት ነው። ግን ሁልጊዜ የሚያመው አንድ ወገን ብቻ ከሆነ የእድገት ሕመም ሳይሆን ድብደባ ነው። «ከጭቃ ቤት አውጥተን ፎቅ ሰጠናችሁ» ትላላችሁ። እግዜር ይስጥልን። ግን ሰው በግድግዳና በጣሪያ ብቻ አይኖርም፤ ከደጁ ውጭ በሚደርስበት ነገር ነው የሚኖረው። ወጥቶ የማይደርስበት ቤት፣ ቁልፉ በእጁ ቢሆንም ያው ግዞት ነው።

የምንጠይቀው ሰማይ ታረሱልን አይደለም። አንደኛ፣ ለሰው ቁልፍ ከመሰጠቱ በፊት ትምህርት ቤቱ፣ ጤና ጣቢያውና ገበያው በእግር በሚደረስበት ቦታ ይከፈቱ። ሁለተኛ፣ በየሳይቱ ከብሎክ እስከ ፌርማታ የእግረኛ መንገድ ይሠራ፤ ጌጠኛ ድንጋይ ይቅርብን፣ ቦዩ ይከደን፣ አምፖል ይሰቀል፣ ት/ቤት በር ላይ ጉብታና ዜብራ ይደረግ። ሦስተኛ፣ ጉሊቷን አትበትኑ፤ በየብሎኩ ሥር ቦታ ስጧት። ለእኛ ጉሊት ማለት ያልተሠራልን ገበያ ነው። አራተኛ፣ ነገ የሚነሣ ሰፈር ካለ ሰዉ እዚያው ወይም አጠገቡ ቤት ይሠራለት። ይኼ ሁሉ ከመሐል ከተማው የመብራት ምሰሶ የሚብስ ወጪ አለው?

ግብዣ

አሁን ግብዣ አለኝ። ለከተማችን ሹማምንት በሙሉ ነው፤ ያለ አጃቢ፣ ያለ ካሜራ። በሐምሌ አንድ ሰኞ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ከእኛ ብሎክ ሥር እንገናኝ። አንዳችሁ የአራተኛ ፎቋን እናት ክንድ ይዛችሁ ደረጃውን አውርዷቸው። አንዳችሁ የተሰበረ እግሯ ገና ያልጠናላትን ልጅ ከአስፋልቱ አሻግሯት። ሌላችሁ ቦርሳችሁን ደረታችሁ ላይ አጥብቃችሁ 25 ደቂቃውን ከእኔ ጋር በእግር እንምጣ። ከዚያ ሰልፍ እንያዝ።

ታክሲ ከተገኘ ሒሳቡ በእኔ ነው። ካልተገኘ ደግሞ ያንን የሚያምረውን የእግረኛ መንገዳችሁን እያሰብን አብረን በእግራችን እንገባለን። እስከዚያው ቦዩን እያያችሁ እርገጡ!